መቶ ሻማ

አዲስ አበባ ውስጥ አምፖል የሚገዛ ሰው ስለ ዋት አያወራም። «ባለ ስልሳ ሻማ ስጠኝ» ይላል፤ ቤቱ እንዲደምቅለት ከፈለገ ደግሞ «የመቶ ሻማ የለም?» ብሎ ይጠይቃል። ዋት የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ ታትሞ ይቀራል። ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ከመጣ ወዲህ የሻማው ቁጥር ከእውነተኛው ዋት ጋር ተለያይቷል፤ አነጋገሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። እኔም ይህን ምዕራፍ በሻማ ብቆጥረው ይሻለኛል። መቶ ሻማ አንድ ሳሎን ያበራል። ያንኑ ኃይል ብርሃን ከማድረግ ይልቅ የሬዲዮ ሞገድ አድርገው በአንቴና ቢለቁት ግን አንድ መካከለኛ ከተማ ያዳርሳል። በዚህች ኢምንት ኃይል ላይ ስንት አዋጅ እንደወጣ፣ ስንት ክርክር እንደተደረገ፣ ስንት መሣሪያ በፖሊስ እንደተወሰደ ሲታሰብ ነገሩ ከኤሌክትሪክ የዘለለ መሆኑ ይገባል።

የሶማሊላንዷ ሐርጌሳ የራሷን ድምፅ በአየር ላይ የሰማችው በዚህችው መጠን ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ምዕራፍ ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዞች ጣልያንን አስወጥተው ሶማሊላንድን መልሰው ከያዙ በኋላ ባለ 100 ዋት ማሰራጫ ተከሉ። ስሙን ሬዲዮ ኩዱ አሉት። ኩዱ የእኛው አጋዘን ነው፤ ጥምዝ ቀንዱ የእንግሊዝ ሶማሊላንድ አርማ ላይ ተስሎ ነበር። ቆይቶ ስሙ ሬዲዮ ሶማሊ ሆነ፤ በኋላም ዛሬ የሚጠራበትን ሬዲዮ ሐርጌሳ የሚለውን ስም ያዘ። ዘመኑ የጦርነት ስለነበር የጣቢያው የመጀመሪያ ሥራ የእንግሊዝን ወሬ ለሕዝብ ማድረስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለሬዲዮ ኩዱ ፈቃድ የጠየቀ የለም። ፈቃድ የሚሰጠውም፣ ማሰራጫውን የሚያንቀሳቅሰውም፣ ምን ይነገር ምን ይቅር የሚለውም አንዱ አስተዳደር ነበር። እንግሊዞች ሲወጡ ለአዲሱ መንግሥት ያስረከቡት ማሰራጫና ስቱዲዮ ብቻ አልነበረም፤ ሬዲዮ ማለት መንግሥት ነው የሚለውን ልማድም ነው።

ማሰራጫው ግን ከባለቤቱ ሐሳብ ውጭ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ። የሶማሊ ቋንቋ ይፋዊ ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ግጥሙም፣ ሽምግልናውም፣ የዘር ሐረጉም በሰው አፍና በሰው ጆሮ ላይ ያደረ ነበር። እንዲህ ላለ ሕዝብ ሬዲዮ የጋዜጣ ታናሽ ወንድም አይደለም፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም እሱ ራሱ ነው። የዘመናዊው የሶማሊ ሙዚቃ አባት የሚሉት አብዱላሂ ቀርሼ ኡዱን ይዞ የገባው እዚህ ጣቢያ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተነሣው ዋላሎ ሐርጌይሳ የተባለ የጥበብ ቡድንም ዘፈኑንና ድራማውን ለሕዝብ ያደረሰው በዚሁ በር ነው። ቢቢሲ በ1957 በሶማሊኛ ማሰራጨት ሲጀምር ሐርጌሳ ሬዲዮ ማዳመጥ የለመደች ከተማ ሆና ጠበቀችው። ጣቢያው በየጊዜው ኃይሉ እየጨመረ ከመቶ ሻማ ወደ ሺህ ቤት ተሻገረ። ባለቤቱ ግን ያው መንግሥት ነበር።

አሁን ከሐርጌሳ ትንሽ እንራቅና ለሬዲዮ ፈቃድ የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ እንይ። በ1912 ታይታኒክ ሰጠመች። የመርከቧ የሬዲዮ ሠራተኞች ያስተላለፉት የድረሱልን ጥሪ ከሰባት መቶ በላይ ሰዎችን ሲያተርፍ፣ በማግስቱ ግን በአሜሪካ ዳርቻ አየሩ በወሬና በሐሰተኛ መልእክት ተጨናነቀ። ጣቱ የተቀሰረው ቤታቸው ውስጥ ማሰራጫ ሠርተው በሚጫወቱ አማተሮች ላይ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የሬዲዮ ሕግ ፈቃድን ግዴታ አደረገና አማተሮቹን ከ200 ሜትር ወዳነሰ ሞገድ አባረራቸው። ያኔ አጭር ሞገድ ሩቅ የማይሄድ፣ የማይረባ ተብሎ የተናቀ ስለነበር ድርጊቱ ልጆችን ከሳሎን አውጥቶ ጓሮ እንደ መስደድ ነበር። ጓሮው ግን ወርቅ ነበረበት። አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር ጋር እየተላጋ አህጉር እንደሚያቋርጥ የደረሱበት እነዚሁ የተባረሩት ናቸው። ይህን ጓሮ በምዕራፉ መጨረሻ ስለምንመለስበት አንባቢ ባይረሳብኝ ደስ ይለኛል።

ሕግ አውጪዎች ሁልጊዜ የሚሰጡት ምክንያት አየሩ ጠባብ ነው፣ ሁሉም ከተናገረ ማንም አይሰማም የሚል ነው። ምክንያቱ በከፊል እውነት ነው። በመካከለኛ ሞገድ ሁለት ጣቢያ አንድ ቁጥር ላይ ከተገናኙ ሁለቱም ባንድ ላይ ይንጫጫሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሞገዱ ሩቅ ስለሚጓዝ የጎረቤት አገር ጣቢያ መጥቶ የቤትዎን ሬዲዮ ያስቸግራል። ኤፍ ኤም ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሞገዱ የሚሄደው ዓይን እስከሚያይበት ያህል ነው፤ ተራራ ካገኘ ይቆማል። ሁለት ጣቢያ ቢጋጩበት ደግሞ የኤፍ ኤም መቀበያ የበረታውን ይዞ የደከመውን ይጥለዋል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ለሐርጌሳም፣ ለቡርዖም፣ ለበርበራም ቢሰጡት ትንንሾቹ ጣቢያዎች አይተዋወቁም። ደግሞም የሚወስነው ኃይሉ ብቻ አይደለም። ርቀትን እጥፍ ለማድረግ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ኃይልን አራት እጥፍ ማሳደግ ይጠይቃል፤ አንቴናውን ከፍ ማድረግ ግን ብዙ ጊዜ በርካሽ ያንኑ ይሠራል። ባለ 100 ዋት ማሰራጫ በ30 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢሰቀል በየአቅጣጫው አምስት ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ጥርት ብሎ ይሰማል። ያ ማለት አንድ ክፍለ ከተማ ከነሰፈሮቹ ነው። የኤፍ ኤም መደብ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርትዝ ድረስ ስፋት አለው፤ በሁለት ጣቢያ መካከል ሰፋ አድርጎ 0.8 ሜጋኸርትዝ ቢተው እንኳ ለአንድ ከተማ ሃያ አምስት ያህል ቦታ ይገኛል። እና ጠባቡ ነገር ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥ የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ አለ። አሜሪካ ከ1948 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶችና ለኮሌጆች ባለ 10 ዋት ኤፍ ኤም ፈቃድ ትሰጥ ነበር። በ1978 ትልልቆቹ የሕዝብ ጣቢያዎች እነዚህ ትንንሾች ቦታችንን ያዙብን ብለው ስለወተወቱ በሩ ተዘጋ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በኢሊኖይ ዋና ከተማ በስፕሪንግፊልድ፣ ምባና ካንታኮ የተባለ ዓይነ ስውር ጥቁር አሜሪካዊ ከሚኖርበት ጆን ሄይ ሆምስ ከተባለ የመንግሥት የድሆች መኖሪያ ውስጥ ሆኖ ማሰራጨት ጀመረ። ኃይሉ 1 ዋት ነበር። አንድ ሻማ! የሚሰማውም የመኖሪያው ነዋሪ ነበር፤ የሚወራውም ስለ ነዋሪው፣ በተለይም ፖሊስ በነዋሪው ላይ ስለሚያደርገው ነው። ለሁለት ዓመት ያህል የነካው የለም። በ1989 ፖሊስን የሚከሱ ሰዎች በአየር ላይ መናገር ሲጀምሩ ግን የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሰዎች መጡና 750 ዶላር ቀጡት። አልከፈለም። ማሰራጫውንም ጥቂት ጊዜ አጥፍቶ መልሶ ከፈተ። አንድ ሻማ የማንን ሞገድ ነው የሚረብሸው? የከተማዋ ነጋዴ ጣቢያዎች ስለ መረበሻቸው አቤቱታ ያቀረቡት የለም፤ ያቤቱታው መነሻ ከፖሊስ ወገን ነበር።

የካንታኮ ወሬ ተዛመተ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ስቲቨን ደኒፈር የተባለ ሰው በ1993 ማሰራጫውን በጀርባ ቦርሳ አዝሎ ኮረብታ ላይ እየወጣ ያሰራጭ ጀመር፤ አልፎም መሣሪያውን ራሳችሁ ገጣጥሙ ብሎ በየአገሩ ይልክ ነበር። መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰደው። ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ግን በ1995 ጣቢያው ወዲያው ይዘጋ የሚለውን ጥያቄ አልተቀበሉም፤ ትእዛዙ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ መሐል በመላው አገሪቱ ያለ ፈቃድ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ፈሉ። የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የነበሩት ዊልያም ኬናርድ ማሳደዱ እንደማያዋጣ ሲያዩ በጃንዋሪ 2000 አዲስ የፈቃድ ዓይነት አወጁ፦ አነስተኛ ኃይል ያለው፣ ለትርፍ ያልቆመ፣ ከፍተኛው 100 ዋት።

ቀጥሎ የመጣው ትግል ያስቃልም ያበሳጫልም። የነጋዴ ጣቢያዎች ማኅበር ለምክር ቤት አባላት አንድ ሲዲ አደለ። ሲዲው ላይ አንድ ጣቢያ ሲያወራ ሌላው ሲደርብበት ይሰማል፤ ትንንሾች ቢፈቀዱ ሬዲዮአችሁ እንዲህ ይሆናል ለማለት ነው። የኮሚሽኑ መሐንዲሶች ቅጂው አሳሳች ነው፣ እውነተኛ መቀበያ እንዲህ አያደርግም ብለው ተናገሩ። ሰሚ አላገኙም። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ትንንሾቹ ከነባሮቹ በብዙ እንዲርቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ውጤቱም በትልልቅ ከተሞች ቦታ እንዳይገኝላቸው ነበር። ምክር ቤቱ ራሱ ያዘዘው ጥናት በ2003 ተጠናቆ ያን ያህል የሚያሰጋ መረባበሽ የለም አለ። ሕጉ እስኪስተካከል ግን ተጨማሪ ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ባራክ ኦባማ የፈረሙት በ2011 መጀመሪያ ነው።

ሌሎቹን አገሮች በሩጫ ልለፋቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቡሽ ሬዲዮ የተባለው የኬፕ ታውን ጣቢያ በ1993 ያለ ፈቃድ ለጥቂት ሰዓታት ተናገረና ፖሊስ መሣሪያውን ወሰደበት፤ በዚያው ዓመት የወጣው የብሮድካስት ሕግ የማህበረሰብ ሬዲዮን ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ጎን ለጎን አንድ ራሱን የቻለ ዘርፍ አደረገው። በ1995 ቡሽ ሬዲዮ ሕጋዊ ሆነ። ሕንድ ውስጥ ነገሩ የተነሣው ከክሪኬት ጨዋታ ነው፤ የቤንጋል ክሪኬት ማኅበር ጨዋታውን ማን ያስተላልፍ በሚል ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በፌብሩዋሪ 1995 ዳኞቹ የአየር ሞገድ የሕዝብ ንብረት ነው ብለው ወሰኑ። ከውሳኔው ተነሥቶ መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲዎች፣ በ2006 ደግሞ ለትርፍ ላልቆሙ ማኅበራት ፈቃድ ተሰጠ። የኃይሉ ጣሪያ 100 ዋት፣ የምሰሶው ከፍታ 30 ሜትር። ዴልሂና ዋሽንግተን ሳይማከሩ አንድ ቁጥር ላይ መድረሳቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። መቶ ሻማ አንድን ሰፈር ከራሱ ጋር ለማነጋገር የምትበቃ፣ አገር ለማነጋገር የማትበቃ መጠን ናት።

ኬንያ ግን ተቃራኒውን ታሳያለች። በ1982 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ሆማ ቤይ በተባለች ከተማ፣ ዩኔስኮ በርካሽ ዋጋ የተገጣጠመ ባለ 10 ዋት ጣቢያ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ከፈተ። በአፍሪካ የመጀመሪያው የማህበረሰብ ሬዲዮ እየተባለ ብዙ ይወሳል። በዚያው ዓመት ኦገስት ውስጥ ናይሮቢ ላይ የአየር ኃይል ወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከያዙት ቦታ አንዱ ደግሞ የመንግሥቱ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። በ1984 የሆማ ቤይ ጣቢያ ተዘጋ። የከፈተው ከላይ የመጣ ፈቃድ፣ የዘጋውም ከላይ የመጣ ትእዛዝ ስለሆነ በመካከል የተከራከረ፣ የተከሰሰ፣ የተቀጣ ሰው አልነበረም። ሕግም ሳይተው ሄደ። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ለትንሽ ሬዲዮ ሕግ ያወጡለት ለትንሽ ሬዲዮ የተቀጡት ናቸው። ስለ ሞገድ ጥበት የሚደረገው ክርክር የሚጀምረው አንድ ሰው ሳይጠይቅ ከተናገረ በኋላ ነው።

የእኛ አገር ነገር ታግለው ሕግ ካስወጡትም ከኬንያም ይለያል። በ1935 አቃቂ ላይ የተተከለው ጣቢያም እንደ ሬዲዮ ኩዱ የመንግሥት ነበር። በ1963 በሉተራውያን የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ እስያ የሚሰማ ኃይል ነበረው፤ ደርግ በ1977 ወሰደውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። የመጀመሪያው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 ነው። ቀጥሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 533/1999 የማህበረሰብ ብሮድካስትን ለይቶ ተረጎመው፦ በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ማህበረሰብ በራሱ ፈቃድና ፍላጎት፣ ለትርፍ ሳይሆን የሚያካሂደው። ትርጓሜው ጥሩ ነው። እዚህ ግን ሕጉ ከጣቢያው ቀድሞ መጣ። ጣቢያዎቹም ብዙ ጊዜ ባለቤት ያገኙት ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጅማና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የማህበረሰብ ሬዲዮዎች ስማቸው ይነሣል። የሚያስተምሩ፣ የሚጠቅሙ ናቸው። ሆኖም ሰፈሩ ራሱ ተነሥቶ፣ ታግሎ ያመጣውና በአዋጅ አንቀጽ የተፈለፈለው ጣቢያ አንድ ዓይነት ጠባይ አይኖራቸውም፤ ሁለተኛው ፈቃድ ሰጪውን ማስቀየም ይፈራል። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል፤ ያ ፍርሃቱን ምን ያህል እንደሚያቀለው ወደፊት የሚታይ ነው።

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ ያልተጠየቀ ድምፅ ታሪክ አለ፤ የተነሣውም ከእኛው መሬት ነው። በ1980ዎቹ የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጋዮች በኢትዮጵያ ተጠልለው የሶማሊያን መሪ ዚያድ ባሬን ሲወጉ ሬዲዮ ሃልጋን የሚባል ጣቢያ ነበራቸው። ሃልጋን ማለት ትግል ነው። ሐርጌሳ ውስጥ ይህን ጣቢያ በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ነበር። ለሕዝቡ ከዚያ ወዲያ አንድ ማሰራጫ የመንግሥት፣ ሌላው ማሰራጫ የጦርነት ሆነ። በኤፕሪል 1988 ዚያድ ባሬና መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሲታረቁ አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ ላለመደገፍ ተስማሙ። ታጋዮቹ መጠለያቸውን እንደሚያጡ ሲያውቁ በሜይ መጨረሻ ቡርዖንና ሐርጌሳን ወረሩ። የመንግሥት አውሮፕላኖች ከራሷ ከከተማዋ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቡ።

የሬዲዮ ሐርጌሳ የቴፕ ክሮች በዚያ ጥፋት መሐል እንዴት እንደተረፉ የሚነገረው ነገር ልብ ይነካል። ሠራተኞችና የጥበብ ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ክሮችንና ካሴቶችን ቦምብ እንዳያገኛቸው መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉም ወደ ጎረቤት አገር ተሻገረ። ከጦርነቱ ከተረፈው ብዙው ዛሬ ሐርጌሳ በሚገኘው የቀይ ባሕር የባህል ማዕከል ተሰብስቧል፤ በ2017 ከእነዚህ ክሮች የተለቀመ አልበም ወጥቶ ዓለም አደመጠው። የመንግሥትን ሬዲዮ ክር እንደ ዘመድ አስከሬን የቀበረ ሕዝብ ጣቢያውን እንደ ባለቤት ያየው ነበር ማለት ነው፤ በወረቀት ባይሆንም።

ሶማሊላንድ ከሶማሊያ ተለይታ ነፃነቷን ያወጀችው በሜይ 1991 ነው። ያኔ ዓለም አላወቀላትም፤ እሷ ግን ፖሊስ፣ ገንዘብ፣ ፓርላማ አቆመች። በዚያ ዘመን ሞቃዲሾ መንግሥት ስላልነበራት አየሯ ለሁሉም ክፍት ሆነ። በዲሴምበር 1999 ከካናዳ የተመለሱ ሶማሌዎች ሆርን አፍሪክ የተባለውን ነፃ ጣቢያ ከፈቱ፤ የስልክ ውይይት አድርገው የጦር አበጋዞችን ሳይቀር አስጠየቁ። ፈቃድ የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ የሚጠብቃቸውም አልነበረም። ከመሥራቾቹ አንዱ ዓሊ ሻርማርኬ በኦገስት 2007 ከተገደለ ባልደረባው ቀብር ሲመለስ በመንገድ ላይ በፈነዳ ቦምብ ሞተ። ነገሩ እንዲህ ነው እንግዲህ፦ መንግሥት ባልነበረበት ከተማ ብዙ ሬዲዮ፣ መንግሥት በቆመበት ከተማ አንድ ሬዲዮ።

የሐርጌሳ ባለ አንድ ሬዲዮነት በጽሑፍ የጸናው በጁን 2002 ነው። ፕሬዚዳንት መሐመድ ኢብራሂም ዒጋል በሜይ 3 ፕሪቶሪያ ውስጥ ሞቱ፤ ምክትላቸው ዳሂር ሪያሌ ካሂን ተተኩ። ወር ገደማ ቆይቶ የማስታወቂያ ሚኒስቴር የግል ሬዲዮ ጣቢያ ማቋቋምን ከለከለ። የሰላም ስጋት ተጠቀሰ፤ የሚያስተዳድራቸው ሕግ የለም ተባለ። ሁለተኛው ምክንያት ራሱን የሚነክስ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው ያው ከልካዩ ነበርና። ጊዜውንም ማየት ነው። በዲሴምበር የመጀመሪያው የአካባቢ ምርጫ ነበረ፤ በኤፕሪል 2003 ደግሞ የፕሬዚዳንት ምርጫ። የምርጫ ኮሚሽኑ ሪያሌ ያሸነፉት በ80 ድምፅ ነው አለ። ሰማንያ! ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ መራጭ። እንዲህ ዓይነት ልዩነት በሚወስነው አገር አንዲት የመቶ ሻማ ጣቢያ ስንት ድምፅ እንደምታዞር ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሳያሰላ አይቀርም።

ፍርሃቱን ባዶ ነው ብዬ ግን አላልፈውም። ሩዋንዳ ውስጥ ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ በ1993 ተከፍቶ በ1994 ሰው ሰውን እንዲያርድ ሲቀሰቅስ ምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ሰምቷል። ያ ጣቢያ ግን ድብቅ አልነበረም፤ ለባለሥልጣናቱ ቅርብ የሆኑ ሰዎች ያቋቋሙት፣ ፈቃድ ያለው ጣቢያ ነው። በጎሳ ሚዛን የቆመች፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ለወራት ተቀምጠው ያስታረቋት አገር በማይክሮፎን ቃል ብትሳቀቅ አይፈረድባትም። ጥያቄው የሚሆነው አሳቀቀኝ ብሎ ለዘላለም መዝጋት ወይስ በር ሠርቶ ቁልፍ ማበጀት የሚለው ነው። የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት በ2001 በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ አንቀጽ 32 የመናገርን ነፃነት ያረጋግጣል፤ የፕሬስ ሕጉም በ2004 ወጥቷል። ጀምሁሪያና ሐቱፍ የተባሉት ጋዜጦች መንግሥትን ሲወቅሱ ኖረዋል፤ አዘጋጆቻቸው የታሰሩበትም ጊዜ አለ። በሳተላይት የሚተላለፉ የግል ቴሌቪዥኖችም ተፈቀዱ። ሰማይ ላይ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያዳርሰው ተፈቅዶ ምሰሶ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄደው ተከለከለ። ሳተላይት መከራየት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ስሙም አድራሻውም ይታወቃል። ትንሿ ማሰራጫ ግን ማንም እጅ ትገባለች፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ከተማዋ በኤፍ ኤም ትሰማው የነበረው ቢቢሲ እንኳ በጁላይ 2022 የሶማሊላንድን መንግሥትነት ያጎድፋል ተብሎ ፈቃዱን ተነጠቀ።

ይህ ሁሉ ለአያሃ ምን ማለት ነው? አያሃ ከሐርጌሳ መሐል ወጣ ብሎ ያለ የመልሶ ሰፈራ ቦታ ነው፤ አያሃ አንድ፣ አያሃ ሁለት፣ አያሃ ሦስት እየተባለ በቁጥር ይጠራል። የሰፈሩበት ከስደት የተመለሱና ከመሐል ከተማ ጊዜያዊ መጠለያዎች የተነሡ ሰዎች ናቸው። ከ1988ቱ ድብደባ የሸሸው ሕዝብ ብዙው ያረፈው በእኛ በኩል፣ በሐርተ ሼክ ሜዳ ላይ ነበር፤ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ይባል የነበረው ይህ ሰፈር የተዘጋው በ2004 ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ነገር ቀላል ነው፤ የውሃ ቦቴ ዛሬ በየትኛው በኩል እንደምትመጣ፣ የክትባት ቀን መቼ እንደሆነ፣ የጠፋች ፍየል ማን ቤት እንደታሰረች፣ መሬቱን ነገ ሌላ ሰው የእኔ ነው ይል እንደሆነ። ሬዲዮ ሐርጌሳ ለአገር ስለሚናገር የአያሃን ፍየል አይፈልግም፤ ሊፈልግም አይገባውም። የካንታኮ ጆን ሄይ ሆምስና አያሃ በውቅያኖስ ይራራቁ እንጂ የአንድ ማሰራጫ ስፋት ናቸው።

ዛሬ ያንን ወሬ ስልክ ይዞታል። በሶማሊላንድ ሻይ ሻጯ ሳትቀር ዛድ በተባለው የስልክ ገንዘብ ትቀበላለች፤ የሰፈር ወሬም በዋትሳፕ ድምፅ እየተቀረጸ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በጽሑፍ ያልተማረ አፍ የሚናገርበት፣ በፊደል ያልተያዘ ጆሮ የሚሰማበት ነውና የጥንቱን ልማድ ይመስላል። ግን ሰሚው ዳታ መግዛት አለበት፤ ባትሪ መሙላት አለበት፤ የተላከለት ብቻ ነው የሚሰማው። ሬዲዮ ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲጮኽ ያልተጋበዘውም ያደምጣል።

አሁን ወደዚያ ጓሮ እንመለስ። ሬዲዮ ሐርጌሳ በአጭር ሞገድ በ7120 ኪሎኸርትዝ ላይ ሲያሰራጭ ቆይቷል። ይህ ቁጥር የሚወድቀው የታይታኒክ ዘመን ሕግ ካባረራቸው በኋላ አማተሮች አቅንተው በዓለም አቀፍ ስምምነት ለራሳቸው ብቻ ባስከበሩት መደብ ውስጥ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ከ7000 እስከ 7200 ኪሎኸርትዝ ያለው በእኛ ክፍለ ዓለም የእነሱ ነው። የአማተሮች ማኅበር የሰርጎ ገቦች ዝርዝር ሲያወጣ ሬዲዮ ሐርጌሳን ደጋግሞ ይመዘግባል። አቤቱታው የሚቀርበው ለዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው፤ ኅብረቱ ደግሞ የሚጽፈው ለአባል መንግሥታት ብቻ ነው። ሶማሊላንድ አባል አይደለችም። ስለዚህ ማታ ማታ በአውሮፓ አንድ አማተር ከጓደኛው ጋር ለመጨዋወት መሣሪያውን ሲከፍት፣ ሳያስፈቅድ ከመጣ ጣቢያ የኡድ ድምፅና የሶማሊ ግጥም ይሰማል።